የ66 ዓመት ጾም በአንድ ቁርስ ይፈሳል?

ማራኪ ሰፈር፦
ሰላም ወገኖች። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ሰው ለማነታረክ አይደለም የጻፍኩት፣ የእውነት ጨንቆኝ ነው።

ጎንደር ማራኪ ነው የምንኖረው። ያሳደገችኝ አያቴ ናት፣ እምዬ ነው የምላት። 73 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ጠዋት ኪኒኗን በአንድ ጉንጭ ውሃ ትውጥና («መድኃኒት ጾም አይገድፍም» ትላለች) እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትውላለች። ባለፈው ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወደቀች። ላብ በላብ ሆና፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ሰዉ ጸበል ይረጫል፣ አንዷ ልጅ ግን ነቄ ነበረችና ከጎን ካለች ሻይ ቤት ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥታ በግድ አጠጣቻት። ነቃች። ሐኪሙ ያለው አጭር ነው፦ ወይ ቁርስ ትበላለች፣ ወይ አንድ ቀን ሳትነቃ ትቀራለች።

እሷ ምን አለች መሰላችሁ? «ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ፣ 66 ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩትን በአንድ ቁርስ ላፍስሰው?»

ይቺ «ያጠራቀምኩትን» የምትል ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ፒያሳ ስልክ ጥገና ነው የምሠራው፣ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ጴንጤ ነው። ስነግረው «እምዬ እኮ በሕግ ሥር ናት፣ መዳን በጸጋ ነው፣ ጾሙ ምንም አይጨምርላትም» አለኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኩትም። እውነቱን ልንገራችሁ? የተናደድኩት ግማሽ ልቤ ስለተስማማ ነው። መዳን በጾም ከሆነ መስቀሉ ለምን አስፈለገ? በጸጋ ከሆነ ደግሞ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ የበላሁት ለምንድነው? የሚያውቅ ይንገረኝ። መሳደብ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ።

ጸጋ ይበቃል፦
ወንድሜ ተባረክ፣ እግዚአብሔር አያትህን ይማርልህ። ጓደኛህ አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው። ጳውሎስ ምን አለ? «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና፤ ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ ከእናንተ አይደለም፤ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» (ኤፌ 2፥8-9)። ለገላትያ ሰዎች ደግሞ ጠንከር ብሎ «ጽድቅስ በሕግ በኩል ከሆነ እንኪያስ ክርስቶስ በከንቱ ሞተ» አላቸው (2፥21)። ከዚህ በላይ እንዴት ግልጽ ይሁን?

እስቲ እንዲህ አስበው። የማትወጣው ዕዳ ነበረብህ እንበል፣ ቤትህ ሊሸጥ ነው። አንድ ሰው ሙሉውን ከፈለልህ፣ ወረቀቱንም ፊትህ ቀደደው። አንተ ግን በየወሩ ብሩን ቋጥረህ ደጁ ድረስ እየሄድክ «ዕዳዬን ልክፈል» ትለዋለህ። መጀመሪያ ይስቃል። ሲደጋገም ግን ስድብ ይሆናል፣ «አልከፈልክልኝም» እያልከው ነዋ። አያትህ 66 ዓመት ያጠራቀመችው ነገር እኮ የማይፈለግ ገንዘብ ነው፣ እሷ ግን እሱን ይዛ ልትሞት ነው፤ እሱ ነው እኔን የሚያሳዝነኝ።

በሉቃስ 18 ያለውን ፈሪሳዊም አትርሳ። «በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ እጦማለሁ» ያለው እሱ ነው። ጸድቆ ወደ ቤቱ የሄደው ግን ደረቱን የደቃው ቀራጭ ነበር።

አያ ድብልቅ፦
እኔ ሁዳዴን የምጾመው ሚስቴ ስለምትጾምና ቤት ውስጥ ሌላ ምግብ ስለሌለ ነው። ይኼ በጸጋ ነው በሥራ?

ጸጋ ይበቃል፦
አንተማ በሕግ ሥር ነህ።

የበዓታ ተማሪ፦
ሳቃችሁን ጨርሱና ቁም ነገር እናውራ። ጎንደር በዓታ አቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዜማና ዝማሜ) ልማር ገብቼ ነበር። አልጨረስኩም፣ ስለዚህ መሪጌታ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ «መዳን በጸጋ አይደለም» ያለህ ማነው? የኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አታውቅም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች አይደል? ሜሮን ይቀባል፣ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። እስቲ ንገረኝ፣ የ40 ቀን ሕፃን ምን ሥራ ሠራ? ስንት ጾም ጾመ? አንገቱን እንኳ ቀጥ ማድረግ አይችል። እናቱ ታቅፋው፣ ክርስትና አባቱ መልስ እየመለሰለት የእግዚአብሔር ልጅ ይሆናል። በነጻ ማለት ምን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ሰው እሑድ ጠዋት ክርስትና ሲነሣ ሄዶ ይቁም። እኔ ከዚህ የተሻለ ስብከት ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ወንድማችን ቁጥር 9 ላይ ቆመ። ቁጥር 10 ምን ይላል? «እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን»። ሁሌ እዚያች ጋ ስትደርሱ ገጹ ይገለበጣል፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሦስተኛ፣ ጳውሎስ «ሕግ» ሲል ስለ ምን እያወራ ነው? ገላትያ ሰዎቹን የበጠበጣቸው ግዝረት ነው። «ካልተገረዛችሁ፣ የሙሴን ሥርዓት ካልያዛችሁ አትድኑም» የሚሉ ሰዎች መጡባቸው፣ ሐዋርያትም ኢየሩሳሌም ተሰብስበው ይህን ቀንበር በአሕዛብ ላይ አንጭንም አሉ (ሐዋ 15)። ጾምንማ ራሱ ጌታ «ሙሽራው ከእነርሱ የሚወሰድበት ወራት ይመጣል፥ በዚያን ጊዜም ይጦማሉ» ብሏል።

ይህን ጥያቄ ደግሞ አባቶቻችን ዛሬ አልሰሙትም። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖቱ የጻፈው መግለጫ አለ። ያኔ ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) «እናንተ ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ አሳማ አትበሉም፣ አይሁድ ናችሁ» ይሉን ነበር። ንጉሡ ምን ብሎ መለሰ? የምንገረዘው እንደ አይሁድ አይደለም፣ መገረዝም አለመገረዝም እንደማይጠቅም ጳውሎስ እንዳለ እናውቃለን፣ የአገር ልማድ ነው፣ ልክ ፊት ላይ እንደሚነቀስና ጆሮ እንደሚበሳው ማለት ነው አለ። ስለ አሳማም፣ የማይበላውን ብላ ብለን አናስገድድም፣ የሚበላውንም አንጠላውም አለ። ሰውዬው ሮሜ 14ን፣ በመብል አትፈራረዱ የሚለውን፣ ጠንቅቆ ያውቃል። እኛ ነን የረሳነው።

ማራኪ ሰፈር፦
መምህር (ይቅርታ፣ አትጥሩኝ ብለሃል) የገላውዴዎሱን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ግን ጥያቄዬን በጎን አለፍከው። የ40 ቀኑ ሕፃን በነጻ ገባ፣ እሺ። ታዲያ ያ ሕፃን 73 ዓመት ሲሞላው «በአንድ ቁርስ ይፈስብኛል» ብሎ የሚንቀጠቀጠው ለምንድነው? መሐል ላይ ማን ምን አስተማረው?

የበዓታ ተማሪ፦
ያምማል ጥያቄህ። ስብከቱ ላይ ችግር አለ፣ አልክድም። ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ሕዝብ ማስፈራራት ይቀላል። «ጾም የገደፈ ወዮለት» ስትል እልል ይልልሃል፣ ስለ ጸጋ ስታስተምር ግን ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ደግሞ «ይኼ ሰውዬ ተሐድሶ ነው እንዴ?» ብሎ ጎኑ ካለው ጋር ይንሾካሾካል።

ጸጋ ይበቃል፦
ይኸው ራስህ አመንክ! ግን ስብከቱ ብቻ አይደለም፣ መጽሐፉም ነው። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ የሚከለከለው በደሉን ለማስተሥረይና ዋጋውን ለማብዛት ነው ይላል፣ አይደለም እንዴ? ዋጋ ለማብዛት! አያቱ «ያጠራቀምኩት» ያለችው ከዚህ አይደለም? በላኤ ሰብስ? 78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ ዳነ ትሉን የለ? ያውም በክርስቶስ ደም ሳይሆን በማርያም ስም።

የበዓታ ተማሪ፦
የአንቀጽ 15ቱ ቃል አለ፣ የተማርኩትን አልዋሽም። ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። ማሰሪያው ሥጋ ለነባቢት ነፍስ ትታዘዝ ዘንድ ነው የሚለው። ዋጋ የሚባለውም ባሪያ ጌታውን የሚያስከፍለው ደመወዝ አይደለም፣ አባት ለልጁ የሚሰጠው ነው። ልጅ ውሃ ቀድቶ ሲመጣ አባቱ ይመርቀዋል፣ ጠላም ያቀምሰዋል። ልጅነቱን ግን በእንስራው አልገዛውም፣ ሳይቀዳም ልጅ ነበር። እሱን ካልተረዳህ ሁሉም ነገር የሱቅ ሂሳብ ይመስልሃል።

ስለ በላኤ ሰብ አፍህን ሞልተህ ባትናገር ጥሩ ነበር፣ እኔ እንዲያውም ለአንተ የሚረዳ ታሪክ ነው ባይ ነኝ። የየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ሲነበብ ጆሮ ሰጥተህ ስማ። ሚዛኑ ላይ ባንዱ በኩል 78 ነፍስ፣ ባንዱ በኩል አንድ ጥርኝ ውሃ። የትኛው ነጋዴ ነው በዚህ ሚዛን የሚሸጥልህ? ውሃው እኮ በክብደቱ አላሸነፈም፣ እመቤታችን ጥላዋን ስለጣለችበት ነው። በሥራ ሚዛን ቢሆን ሰውዬው ያልቅለት ነበር። የምልጃውን ነገር ሌላ ቀን እንከራከራለን፣ ዛሬ ካነሣነው ነገ ጠዋትም አንጨርስም።

የጥንት ወሬ፦
በመሐል ልግባ። ሁለታችሁም ያልጠበቃችሁት ነገር ልንገራችሁ። በ1534 እ.ኤ.አ. ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተቀምጦ ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል። ሉተር «በጸጋ፣ በእምነት» ብሎ ከሮም ከተጣላ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ተጣልተው አልተለያዩም፣ እንዲያውም ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ሰጥቶታል። እዚህ ግን አንድ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ልጆች ሁለት ቀን ተኮራርፈው ይውላሉ።

ሌላም አለ። ጎንደር ውስጥ «ጸጋ» ስትል አንዳንድ አዛውንት ካህን ቀና ብሎ ያይሃል። በዚህ ከተማ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ ደም የፈሰሰበት ጊዜ ነበር፣ ያለቀው በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ላይ ነው። ያ ክርክር ግን ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት እንጂ ስለ እኛ መዳን አልነበረም። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሌላ። አያትህ ፊት «በጸጋ ነው» ስትል ይህንንም አስብ፣ ምን እንደምትሰማ አታውቅም።

የሌሊት ተረኛ፦
ነርስ ነኝ። ሃይማኖቱን ለእናንተ ትቼ መጀመሪያ መድኃኒቱን ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ወርጄ ሳነብ ስለ ኪኒኑ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ወንድሜ፣ ኪኒኑ ምንድነው? ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ ስኳሯን እንዲህ አያወርድም። ግሊቤንክላሚድ ካለበት ግን ሳይበሉ መውሰድ አደገኛ ነው፣ ባዶ ሆድ ላይ ስኳርን ይዞት ይወርዳል፣ አዛውንት ላይ ደግሞ ይብሳል። ላቡና መንቀጥቀጡ እሱ ነው። ብልቃጡን ይዘህ ሐኪሟ ጋ ተመለስ፣ እንደምትጾም በግልጽ ንገረው፣ መጠኑንም ሰዓቱንም ሊቀይረው ይችላል። ብዙ ሰው «ይቆጣኛል» ብሎ ጾሙን ይደብቃል፣ እኛ ደግሞ ያላየነውን ማከም አንችልም። ስትወድቅም ጸበሉ ይቆይና ስኳር በውሃ ይቅደም። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት።

ደግሞ ማንም ሥጋ ብዪ አላላትም! ቁርስ ማለት እንቁላል ነው ያለው ማነው? አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ወይም ግማሽ እንጀራ በሽሮ። ጾም ያልሆነ ነገር ሳትነካ የሚለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ስንቱ ሰው እንደሚሞት ብታውቁ።

አሁን ያየሁትን ልናገርና ልሂድ። የምሠራው ሌሊት ነው፣ ሰው በሌሊት ሌላ ሰው ይሆናል። ኦርቶዶክስ እናቶች «የገደፍኩት ዓርብ አለ» እያሉ ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ እውነት ነው። ግን አንድ ጴንጤ አባትም ነበሩ። ሦስት ሌሊት ሙሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። «በትክክል አምኜ ይሆን? ያመንኩት ከልቤ ነበር ወይስ በአፌ?» እያሉ። እሳቸው ጾም አልቆጠሩም፣ እምነታቸውን ነበር የሚቆጥሩት። ስንት ግራም እንደሆነች ሊመዝኗት ነው። ያኔ የገባኝ ነገር፣ ሰው መቁጠር ከፈለገ የሚቆጥረው አያጣም። ጾሙን ብትወስድበት እምነቱን ሥራ አድርጎ ይሠራበታል። እኔ ምንም አልመለስኩላቸውም፣ ምን እላለሁ? እጃቸውን ይዤ «አባባ፣ እሱ ይዞዎታል እንጂ እርስዎ አይደሉም የያዙት» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ትንሽ ተኙ።

ጸጋ ይበቃል፦
እህቴ፣ ይህን አንብቤ ዝም አልኩ። እውነት ነው። እኛም ቤት አለ። በየጉባኤው እጅ አውጥቶ «ጌታን እቀበላለሁ» የሚል ሰው አውቃለሁ፣ የፊተኛው አልሠራ ይሆናል ብሎ። ለማራኪው ወንድሜ ስለ አያትህ «የማይፈለግ ገንዘብ» ያልኩት ከበደኝ። ሐሳቡን አልቀይርም፣ ቃሉን ግን ይቅርታ።

የበዓታ ተማሪ፦
እኔም ከአንተ ጋር ገና አልጨረስኩም፣ ያዕቆብ 2ን («እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው» የሚለውን) ሳልጠቅስ ማደሬ ነው። ግን ልጁ መልስ ይፈልጋል፣ ክርክር አይደለም። ወንድሜ፣ አያትህን እኔም አንተም አናሳምናትም። የንስሐ አባቷ ጋ ውሰዳት። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ ሥርዓቱ ራሱ ይላል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ከእሳቸው አፍ መስማት አለባት። ስትሄድ የሐኪሙንም ቃል ንገራቸው፣ አትደብቅ።

ማራኪ ሰፈር፦
ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ኪኒኑ የተባለው ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣም፣ መጠኑን ቀነሰና «ጠዋት ከምግብ ጋር» ብሎ በትልቁ ጻፈልን። ከዚያ በባጃጅ የንስሐ አባቷ ቤት ሄድን። መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም፣ ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ ልክ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው ቁጭ አለች።

አባ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ትንሽ ይከብዳል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ «66 ዓመት ያጠራቀምኩትን» ያለችውንም ጭምር። እሷ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው ቆዩና «የት ነው ያስቀመጥሽው?» አሏት።

«ምኑን አባቴ?»

«ያጠራቀምሽውን።»

ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ «እኔም 50 ዓመት ቀድሻለሁ፣ ፈልጌ አላገኘሁትም። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ከማለት በቀር ምንም የለኝም» አሏት። እምዬ ማልቀስ ጀመረች። እኔም መስኮት መስኮቱን አየሁ።

እሷ ግን እምዬ ናትና በዚህ አልተፈታችም። «እንግዲያውስ ከበላሁ ቀኖና ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰግዳ፣ ምጽዋት ሰጥታ ልታካክሰው ነው፣ ያው ሂሳቡ አልቀረም። አባ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ቀኖናሽ ቁርስሽ ነው። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ በሶ፣ እስከ ፋሲካ። አንድ ቀን ብታስታጉዪ ነግረሽኝ ንስሐ ትገቢያለሽ።» በሳቅ ልሞት ነበር። ሴትዮዋ ጾም ልትገድፍ ሄዳ ቁርስ ታዝዞባት ተመለሰች።

ለጓደኛዬ ስነግረው በጣም ሳቀ። «ይኼ ቄስ ከእኛ ፓስተር ይበልጣል» አለ። ወዲያው ደግሞ «ግን ለምን ያንኑ በቀጥታ አይነግራትም፣ ለምን ቀኖና ብሎ ይሸፍነዋል? ጸጋን በሕግ ጠቅልሎ ነው የሰጣት» ብሎ ተነሣ። እኔ «ኪኒንም እኮ በሽፋን ነው የሚዋጠው» አልኩት። አሁንም እንከራከራለን፣ ግን እያወራን ነው።

እምዬ ይኸው ሦስት ቀን በላች። ጎረቤት እንዳያያት በሩን ዘግታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትጠጣው፣ ልክ እንደሰረቀ ልጅ። ዛሬ ጠዋት ግን ብርጭቆውን ስቀበላት እጄን ያዝ አድርጋ በሹክሹክታ «ለአባ እንዳትነግር» አለች።

«ምኑን?»

«ጣፈጠኝ።»